የአጥቢያችን ቤቶች፦ በደሴና በኮምቦልቻ ነባር ሰፈሮች ነዋሪውን ሳያፈናቅሉ ቤት ስለ ማደስ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተጻፈ ሥርዓት አለ። በአንድ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነቁጥ ሲታይ ባለቤቱ ሄዶ ለካህኑ ይነግራል። ካህኑም ከመግባቱ በፊት የቤተሰቡ ዕቃ አብሮ እንዳይረክስ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል፤ ከዚያም ገብቶ ግድግዳውን ይመረምራል፤ ለሰባት ቀንም ቤቱን ይዘጋል። ነቁጡ ሰፍቶ ከተገኘ የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው በሌሎች ይተካሉ፤ አሮጌው ምርጊት ተፍቆ በአዲስ ይመረጋል። ቤቱ የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ዳግመኛ ሲመለስ ብቻ ነው።

መተርጕማን ለዚህ ሥርዓት ምሥጢራዊ ፍቺ ይሰጡታል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ቅደም ተከተሉ ይበቃናል፦ አስቀድሞ ካህኑ ያያል፣ ቀጥሎ ቤቱ ይታደሳል፣ ማፍረስ የመጨረሻው ነው። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ነባር ሰፈሮች የሚኖሩ ብዙ ምእመናንና ጎረቤቶቻቸው በሁለት ስጋቶች መካከል ይኖራሉ። አንደኛው፣ ቤታቸው ማንም ሳያየው በእርጥበትና በጭስ እያረጀ እነርሱንም እያሳመመ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሳይታደስ ፈርሶ ከዕድራቸው፣ ከአጥቢያቸውና ከገበያቸው ርቀው መበተናቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ፣ ይኸውም ነዋሪውን በቦታው አቆይቶ ቤቱን በመጠነኛ ወጪ ማደስን፣ ሰበካ ጉባኤያት እንዴት ሊሠሩበት እንደሚችሉ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ሰፈሮቹ እንዴት ተሠሩ?

ደሴ በ1875 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደ ተቆረቆረች፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያን ሰሞን በሰማይ የታየውን ጅራታም ኮከብ በመልካም ምልክትነት ተቀብለው ስሙን እንዳወጡላት ይነገራል። ከተማዋን መናገሻ አድርገው ያደራጇት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የደሴ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና የአይጠየፍ አዳራሽ የእርሳቸው ዘመን ሥራዎች ናቸው። አዳራሹ ስሙን ያገኘው ሀብታምና ድሃ ሳይለይ ሁሉም በአንድነት ግብር ይበላበት ስለ ነበር ነው ይባላል።

በቤተ መንግሥቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በመስጊዶቹና በገበያው ዙሪያ መኖሪያው እየጠበቀና እየተጠጋጋ ሄደ። አራዳ፣ ሰኞ ገበያና ፒያሳ የሚሉት የሰፈር ስሞች የዚያን ዕድገት ደረጃዎች እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደብድባለች፤ በወረራው ዘመንም መንገዶቿና መካከለኛ ክፍሏ ተለውጠዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ከዋናው መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ የመኪና ነጂ፣ የነጋዴና የሠራተኛ ከተማ ሆና አደገች። በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲጨመር በነባር ሰፈሮቿ ላይ የኪራይ ፈላጊው ብዛት እጅግ ከበደ።

የእነዚህ ሰፈሮች አብዛኛው ቤት የጭቃ ቤት ነው። ምሰሶውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በጭቃነቱ ብቻ መናቅ አይገባም። ጭቃ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፣ ከአካባቢው ይገኛል፣ የሰፈሩ ባለሙያም ይጠግነዋል። ጠላቱ ውሃ ነው። ክዳኑ ከላይ፣ የድንጋይ መሠረቱ ከታች ከውሃ የጠበቁት የጭቃ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ያልጠበቁት ግን በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ግርጌው ተቦርቡሮ ይዘማል።

ማን ሊያድሰው?

ታዲያ ቤቶቹ ለምን ሳይጠገኑ ቀሩ? መልሱ በከፊል በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ውስጥ ይገኛል። አዋጁ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ወደ ቀበሌዎች አስተዳደር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ቤተ ክርስቲያናችንም በከተሞች ታከራያቸው የነበሩትን ቤቶች ያጣችው በዚሁ ጊዜ ነው።

አዋጁ ኪራይን ቀንሶ ብዙ ድሃ ቤተሰቦችን ከጎዳና እንደ ታደገ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከቤቶቹ የሚሰበሰበው ኪራይ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ቀበሌው የሚጠግንበት ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩ በበኩሉ የእርሱ ባልሆነና ነገ ሊነሣበት በሚችል ቤት ላይ ጥሪቱን ማፍሰስ ከበደው። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው፤ ቤቱ ግን በሁለቱ መካከል አረጀ። ልጆች ሲያገቡ ክፍሉ በመጋረጃ ወይም በአቡጀዲ ተከፈለ፤ በጓሮው ቅጥያ ክፍል ተጨመረ፤ መስኮቱ በቅጥያው ተደፈነ፤ የውሃ መውረጃውም ተዘጋ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲጎርፉ ብዙዎቹ የተጠጉት በእነዚሁ ጠባብ ቤቶች ነበር። ከዚያም ጦርነቱ ራሱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደረሰ። ከራሱ የተረፈ ክፍል የሌለው ቤተሰብ ዘመዱንና እንግዳውን ተቀብሎ ወራት አሳልፏል። የወሎ ሰው እንግዳ ተቀባይነት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ፣ እንግዳው ያረፈበት ወለል ምን ዓይነት እንደ ነበረ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት ችግር

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታቸው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ናት። ስለዚህ ለአንዲቱ የተዘጋጀ የጥገና ዕቅድ ለሌላይቱ እንዳለ አይሠራም።

በደሴ ዋናው ችግር ተዳፋት፣ ብርድና እርጥበት ነው። ብዙ ቤት ቁልቁለቱ ተቆርጦ ስለ ተሠራ የኋላ ግድግዳው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ክረምት ሲገባ አፈሩ የጠጣው ውሃ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ በላይኛው ቤት ክዳን ላይ የወረደው ዝናብም በታችኛው ቤት ደጃፍ ያልፋል። አልጋው ከዚያ ግድግዳ ጋር ከተጠጋ አረጋዊቷ እናት ሌሊቱን የምታሳልፈው ከሻጋታ አጠገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤትና የጤና መመሪያ፣ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይወርድ ይመክራል። ቀዝቃዛና እርጥብ ቤት የመተንፈሻ አካልንና የልብን ሕመም ያባብሳልና ነው።

ብርዱ ሌላ አደጋም ይወልዳል። ሰው በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ያቀጣጥላል። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ አየር ያወጣል። የታፈነ ክፍል ውስጥ ያደረ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት ሊነሣ፣ ጨርሶም ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ካህናት አባቶች ይህን በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ሳይታክቱ ሊያስተምሩት የሚገባ ነገር ነው፦ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ፣ በርም ገርበብ ብሎ፣ ከመኝታ በፊት ይውጣ።

በኮምቦልቻ ችግሩ ይገለበጣል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። ምስጥ የባሕር ዛፍ ምሰሶውን ከሥሩ ይበላዋል፤ ከላይ ደህና የሚመስል ግድግዳ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ከፍታዋ ዝቅ ያለ በመሆኑ የወባ ትንኝ ትራባባታለች፤ በሰፈር ውስጥ የቆመ ውሃም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ይጋብዛል። በተጨማሪም ከገጠር ለፋብሪካ ሥራ የሚመጡ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ በጓሮ ክፍሎች ተደራርበው ይኖራሉ። አጥቢያው ስለ ሰፈሩ ቤቶች ሲያስብ የባለ ይዞታውን ቤት ብቻ ሳይሆን ከጓሮ ያለችውንም ተከራይ መቁጠር ይኖርበታል።

ከየት እንጀምር?

ገንዘብ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ቀለም፣ በር ወይም አጥር ነው። የሚታይ ነገር ስለሆነ ለምርቃትም ያመቻል። ለነዋሪው ጤና ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። እኛ ለሰበካ ጉባኤያት የምንመክረው፦ አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ ወለል፣ ሦስተኛ ጭስና ብርሃን፣ አራተኛ መጸዳጃ ነው። መጸዳጃው አራተኛ የሆነው ከሁሉ ስለሚያንስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በጋራ የሚሠራና ረጅም ስምምነት የሚጠይቅ ስለሆነ ነው። ስምምነቱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር፣ ሥራው ግን በተራው ይምጣ።

ውሃ። ያፈሰሰውን ቆርቆሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲያጠላ፣ አሽንዳ እንዲገጠምለት፣ ከአሽንዳው የወረደው ውሃም ወደ በርሜል ወይም ወደ ቦይ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። አሽንዳ ከሌለ ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ይበላዋል። ደሴ ላይ ደግሞ ከኋላ ግድግዳና ከተቆረጠው አፈር መካከል ጠባብ ቦይ መክፈት ብዙ ጊዜ ከማናቸውም ልስን ይበልጣል። ይህን ሳናደርግ የምናለስነው ግድግዳ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይረግፋል።

በዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በእርጥብ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ግድግዳው የያዘው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ልስኑ ከጭቃው ይላቀቃል፣ ውስጡ ያለው እንጨትም ይበሰብሳል። ከጭቃ ጋር የሚስማማው በጭድ የተቦካ ምርጊት ወይም ኖራ ነው። ይህ ለታላላቅ ቅርሶችም የተረጋገጠ ነገር ነው፤ በጎንደር ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለጥገና የገባው ሲሚንቶና ብረት አብዛኛው በኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል።

ወለል። በሜክሲኮ ኮዋዊላ በተባለ ክፍለ ሀገር ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ ይለውጥ ነበር። ተመራማሪዎች ውጤቱን ካልተለወጠላቸው ቤተሰቦች ጋር አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ የአፈር ወለል ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በሕፃናት ላይ የሚገኘው የአንጀት ጥገኛ ትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ መቀነሱን አሳይተዋል። የእናቶች የመንፈስ ጭንቀትም ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ለአንድ ቤት የወጣው ወጪ ወደ 150 የአሜሪካ ዶላር ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የቤት ጥገና ለሥጋ ብቻ የሚጠቅም እንዳልሆነ ነው። ልጇ ከሚድህበት መሬት ትልና ቁንጫ ሲጠፋላት እናቲቱ የምታርፈው ዕረፍት ከጤና የማይለይ ጤና ነው። በእኛም ሰፈሮች ድንጋይ ደርድሮ፣ በላዩ ላስቲክ አንጥፎ፣ ኮንክሪት ሞልቶ ሊሾ ማድረግ የአንድ ግንበኛና የጥቂት ረዳቶች የቀናት ሥራ ነው።

ጭስና ብርሃን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ማድ ቤትና መኝታ አንድ በሆኑበት ቤት ቀላሉ እርምጃ ምድጃውን በቅጥያ ዳስ ሥር ማውጣት፣ ካልተቻለም የጭስ ማውጫ መትከልና በትይዩ ሁለት መስኮት መክፈት ነው። አየር በተዘዋወረበት ክፍል የሳንባ ነቀርሳም የመዛመት ዕድሉ ይቀንሳል። ለኮምቦልቻ በመስኮቶቹ ላይ ወንፊት፣ ከክዳኑ ሥር ኮርኒስ ይጨመር።

መጸዳጃ። በነባር ሰፈር ለየቤቱ ጉድጓድ መቆፈሪያ ቦታ አይገኝም። አራት ወይም አምስት ቤተሰቦች የሚጋሩት፣ በር ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ማታም ብርሃን ያለው መጸዳጃ ለሴቶችና ለሕፃናት ክብርም ደኅንነትም ነው። የሚሠራው ግን ማን እንደሚያጸዳው፣ ሲሞላም ማን ለማስመጠጫው እንደሚከፍል በቅድሚያ ከተስማሙ ብቻ ነው።

ማፍረስ ወይስ ማደስ?

በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። መንገድ መስፋቱ፣ የውሃ መፋሰሻ መሠራቱ ለሁሉም ይጠቅማል። ከመንገዱ ጀርባ ያሉት ነባር ቤቶች ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው ይቀራሉ።

በሀገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሥራ ቀድሞም ተሠርቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በአዲስ አበባ በሦስት የድሆች ቀበሌዎች የተቀናጀ የከተማ ልማት ሥራ ጀምረው ነበር። ቤቶቹን በመጠገን፣ መጸዳጃና የውሃ መውረጃ በመሥራት፣ ጤናንና የሕፃናት ትምህርትን አብሮ በማስኬድ ነዋሪው በነበረበት ቦታ ኑሮው እንዲለወጥ ተደርጓል። ሥራው የተመሠረተው ነዋሪዎቹ ራሳቸው ችግራቸውን ለይተው ቅድሚያ እንዲሰጡ በማድረግ ላይ ነው።

ከሀገር ውጭም የኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ ጃካርታ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድሃ ሰፈሮቿ የሠራችው ሥራ ይጠቀሳል። መንግሥት በአብዛኛው ቤቶቹን አልነካም። የእግር መንገዱን አነጠፈ፣ ቦዩን ጠረገ፣ ውሃና መጸዳጃ አስገባ። ሰፈሩ እንደማይፈርስ ያመነው ነዋሪ ከዚያ በኋላ የራሱን ቤት በራሱ ገንዘብ ማደስ ጀመረ። ዋስትና ያገኘ ሰው ሚስማር ለመግዛት ማንም አያስገድደውም።

ማዛወር ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ አዲስ ሰፈር ተዛውረዋል። ደሴም የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። መሬቱ በተሰነጠቀበት፣ ዛፍና ምሰሶ በተንጋደደበት ቦታ ቤት ማደስ ሰውን ለአደጋ ማቆየት ስለሚሆን፣ ሰበካ ጉባኤው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለከተማው አስተዳደር አሳውቆ የባለሙያ ምርመራ ሊያስደርግ ይገባል። ማዛወር በሚኖርበት ጊዜም ጎረቤታሞች በአንድነት እንዲዛወሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዲት መበለት ቤት ስታገኝ ዕድሯን፣ ቡና አጣጪዋንና የንስሐ አባቷን ካጣች ያገኘችው ጣሪያ ብቻ ነው።

ከመዶሻ በፊት ወረቀት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰዎች መኖሪያን የሚመለከተው ክፍል ቤትን በአምስት ነገሮች ይመዝናል፦ ጥንካሬው፣ ስፋቱ (በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው ያልበለጠ)፣ ንጹሕ ውሃው፣ መጸዳጃውና ነዋሪው ያለ አግባብ እንዳይነሣ ያለው ዋስትና። የመጀመሪያዎቹን አራት በእጃችን ልናስተካክላቸው እንችላለን፤ አምስተኛው በወረቀት ይፈጸማል።

ለምሳሌ አንዲት እናት በቀበሌ ቤት ይኖራሉ እንበል። የኪራይ ውሉ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በፊት ባረፉት ባለቤታቸው ስም ነው። አጥቢያው በበጎነት ቤቱን ቢያድስላቸው፣ ቤቱ ካማረ በኋላ ሌላ ይገባኛል ባይ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከመዶሻው በፊት የሚከተሉት ሊፈጸሙ ይገባል፦ ውሉ በሚኖሩበት ሰው ስም መዛወሩን ማረጋገጥ፤ የመንግሥት ቤቶችን ከሚያስተዳድረው የከተማው ክፍል የጥገና ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል፤ ጥገናው የቤቱን ስፋትና ቅርጽ እንደማይለውጥ መግለጽ፤ ከጥገናው በኋላ ኪራዩ እንዳይጨምር ወይም ተከራዩ እንዳይነሣ ቢቻል በስምምነት ማስፈር። ቤቱ የግል ሆኖ ነዋሪዋ ተከራይ ከሆነችም ከባለቤቱ ጋር ለተወሰኑ ዓመታት ኪራይ ላለመጨመር መዋዋል ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ በምእመናን መባ የተሠራው ወለል ድሃዋን ለማስወጣት ምክንያት ይሆናል።

ቤቱ ወይም ግቢው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ምንም ዓይነት ጥገና አይጀመርም።

የአጥቢያ ድርሻ

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሚሽናችን በልማትና በተራድኦ ሥራ ሲሰማራ፣ ከሌሎች ድርጅቶች የሚለየው አንድ ሀብት አጥቢያው ነው። ጥናት አድራጊ ወደ ቤት የሚገባው በቀጠሮ ነው፤ ያውም እስከ ሳሎኑ። የንስሐ አባት ግን ሕመምተኛ ሲጠይቅ፣ ጠበል ሲረጭ፣ ቁርባን ሲያቀብል እስከ መኝታው ይዘልቃል። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ወጥቶ መጸዳጃ መሄድ እንዳቃተው፣ የማን ልጅ እንደሚያስል ያውቃል። የምሥጢረ ንስሐው ነገር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በዓይን የሚታየውን የቤት ችግር ቤተሰቡን አስፈቅዶ ለሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ቢያስታውቅ ከማናቸውም መጠይቅ የበለጠ ዝርዝር ይገኛል።

ሥራውንም ከቤተ ክርስቲያናችንና ከአየሩ አቆጣጠር ጋር ማስማማት ይቻላል። ሐምሌና ነሐሴ የመመልከቻ ወራት ናቸው፤ ቤቱ የሚያፈስበትንና ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በዝናብ ቀን የተዞረ ብቻ ያየዋል። በጾመ ፍልሰታ ምእመናን በየዕለቱ ሲሰበሰቡ ዝርዝሩ ይሟላል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረቀቱና ዕቃው ይዘጋጃል። ከዚያ እስከ ጥምቀት ድረስ ይሠራል፤ የበልግ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ምርጊቱ መድረቅ አለበትና። በዚያ ሰሞን የቤተሰቡ ዕቃ በሰንበቴ ቤት ይቀመጣል፤ ለማደሪያም የዕድር ድንኳን ይተከላል። ኦሪት ከምርመራው በፊት የድሃውን ዕቃ እንዳሰበች ማለት ነው።

ማንን እናስቀድም በሚለው ላይ ሰበካ ጉባኤው መስፈርቱን አስቀድሞ ጽፎ በዐውደ ምሕረት ቢያነብ ሐሜት አይከተለውም። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች፣ አካል ጉዳተኞችና የአልጋ ቁራኞች ይቅደሙ። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም ቢሆን ጭቃ በማቡካት፣ ውሃ በመቅዳት፣ ለሠራተኛ ቡና በማፍላት ድርሻ ይኑረው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጉልበታቸውን፣ በአጥቢያው ያሉ ግንበኞችና አናጢዎች በሳምንት አንድ ቀን ሙያቸውን ሊሰጡ ይችላሉ። የገባውና የወጣው ገንዘብ በየሩብ ዓመቱ በግልጽ ይነበብ።

በመጨረሻም፣ በደሴና በኮምቦልቻ ቤት የሚያድስ ሰው ከሙስሊም ጎረቤቱ ተለይቶ ሊያድስ አይችልም። ግድግዳው የጋራ ነው፤ ቦዩም ከአንዱ ደጅ ወጥቶ በሌላው ደጅ ያልፋል። የላይኛው ቤት ብቻ ተጠግኖ የታችኛው ቢቀር፣ የእኛ ጥገና ለጎረቤት ጎርፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መንደሩ እንደ አንድ አካል ተቆጥሮ ከዕድሮችና ከመስጊድ ኮሚቴዎች ጋር አብሮ መመካከር ይገባል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ መሆኑ ለዚህ ሥራም መልካም ማስታወሻ ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ካህናቱም እንደ ሌላው ሰው እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል እንደ ሠሩ ተጽፏል። ሥራው ሰፊ ነበር፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ግን ከደጁ ፊት ያለው ነበረ። እያንዳንዱ አጥቢያ በሚመጣው በጋ ሦስት ቤት፣ ካልቻለም አንድ ቤት፣ ከላይ በተገለጸው ቅደም ተከተል ቢያድስ በነባር ሰፈሮቻችን ሳይፈናቀሉ በጤና የሚያድሩ ወገኖች ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። ለዚህም የአጥቢያዎቹ የልማት ክፍሎች የቤቶቹን ዝርዝር ከጾመ ፍልሰታ ፍጻሜ በፊት እንዲያጠናቅቁ በአክብሮት እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።